ቲልጉል፦ ፑኔ ላይ የለመድኩት የብርድ ጊዜ ጣፋጭ

ጃንዋሪ 14 በእኛ ጥር 6 ላይ ይውላል። ገና አልፎ ጥምቀት ሲጠበቅ ማለት ነው። ያኔ ሕንዶች ማካር ሳንክራንቲን ያከብራሉ። ፑኔ ከተማ ባለችበት በማሃራሽትራ ግዛት የበዓሉ ምግብ ቲልጉል ነው፤ የሰሊጥ ድቡልቡል። ፑኔ ተማሪ ሳለሁ አሠራሩን ያሳዩኝ አከራዬ ናቸው። እንደ አካባቢው ወግ ካኩ እላቸው ነበር፣ አክስቴ እንደማለት።

250 ግራም ሰሊጥ በቀስታ እሳት ይቆላል። መንጣጣት ሲጀምር ቶሎ ይወርዳል፤ ከቆየ ይመርራል። ኦቾሎኒም ተቆልቶ፣ ገለባው ተነስቶ ሸርከት ይደረጋል። ከዚያ የሰሊጡን ያህል ጉል በአንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይቀልጣል። ጉል የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ፈልቶ ሲረጋ የሚገኝ ያልተጣራ ስኳር ነው።

ሙያው እዚህ ላይ ነው። ካኩ ሰዓት አያዩም። ከቀለጠው ጠብታ ወስደው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። ከተበተነ ገና ነው። በጣት ሲያድበለብሉት ከያዘ ደርሷል። ደርቆ ቀጭ ካለ ግን አልፎበታል። ወዲያው ሰሊጡ፣ ኦቾሎኒውና ትንሽ ሄል ይገባል። መዳፍን ቅቤ ቀብቶ በትኩሱ ማድቦልቦል ነው። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ብዙ እጅ ይፈልጋል።

ለምን ሰሊጥ? አዩርቬዳ የሚባለው የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና ዓመቱን በ6 ወቅት ይከፍላል። በብርዱ ወቅት አግኒ፣ ማለትም የምግብ መፍጫው እሳት፣ ይበረታል ይላል። ማገዶ ካጣ ሰውነትን ራሱን ይበላል። ስለዚህ ቅባትና ጣፋጭ ይመከራል፤ ሰሊጥም ከሚያሞቁት ይመደባል። ይህ የጥንት አስተሳሰብ እንጂ የላቦራቶሪ ውጤት አይደለም። ያም ሆኖ ግማሽ ያህሉ ዘይት የሆነ እህል በብርድ ማለዳ ጉልበት ቢሰጥ አይገርመኝም።

እኔን በጣም የማረከኝ ግን ማቆማቸው ነው። በአዩርቬዳ በብርድ የተጠራቀመው ካፋ፣ ማለትም ከባድና ቀዝቃዛ የሚባለው የሰውነት ባሕርይ፣ በፀደይ ይቀልጣል፤ ያኔ ከባድና ጣፋጭ ምግብ ይቀነሳል። ካኩም ፀደይ ሲገባ ቲልጉል አይሠሩም። በየወሩ ብሠራው ኖሮ ይሄኔ ተራ ከረሜላ ይሆንብኝ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ የሚቀዘቅዘው በክረምት ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እኔም የምሠራው ያኔ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ጉል ተፈጥሯዊ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ያው ስኳር ነው። ሰሊጥ አለርጂ የሚሆንባቸውም ሰዎች ስላሉ እንግዳን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ቅቤውን በሰሊጥ ዘይት እተካለሁ፤ በደንብ ይይዛል።