አምፖሉ ቦግ ብሏል፣ ቫርኒሹ ግን ጥሬ ነው

በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን የሚደርቅ ቫርኒሽ የሚቀባ ማሽን ላይ ስመደብ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ካርቶኑ በኮንቬየሩ ላይ ይሄዳል፣ ከአምፖሉ ሥር ያልፋል፣ ደርቆ ይወጣል። በቃ።

አንድ ቀን የወጣውን ሥራ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ጠምዘዝ ሳደርገው ቫርኒሹ ተሸበሸበ። ከላይ በስሎ ከውስጥ ጥሬ! ፕላስተር ለጥፌ ላጥ ሳደርገውማ ቀለሙን ጭምር ይዞት መጣ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀቱን ነው። ሞኝነት ነበር። "ማድረቅ" የምንለው ቃል ራሱ ያሳስታል፤ እዚህ ቤት ተኖ የሚያልቅ ውሃ የለም። ቫርኒሹ ውስጥ ፎቶኢኒሼተር የሚባል ኬሚካል አለ። ዩቪ ሲያርፍበት ይሰነጠቅና ፍሪ ራዲካል፣ ማለትም ከሌላ ሞለኪውል ጋር ለመያያዝ የሚቸኩል ቁርጥራጭ፣ ይወጣዋል። እሱ ነው ፈሳሹን ሞለኪውል ከሞለኪውል እያያያዘ ወደ ጠጣር መረብ የሚቀይረው።

ከዚያ ኮንቬየሩን አዘገየሁት። ካርቶኑ ከሙቀቱ ብዛት ተጣመመ፣ ሥሩ ግን ያው ነው። ቀጥዬ አምፖሉን ቀየርኩ። (አዲስ አምፖል በባዶ እጅ አይነካም። የጣት ቅባት ኳርትዙ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል።) ትንሽ ተሻሻለ እንጂ አልዳነም።

በመጨረሻ ራዲዮሜትር የሚባለውን የዩቪ መለኪያ ተውሼ በአምፖሉ ሥር አሳለፍኩ። ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ የብርሃኑ ጉልበት ነው፣ ሌላው ካርቶኑ እስኪያልፍ የተቀበለው ድምር። ኮንቬየሩን ሳዘገይ ያሳደግኩት ድምሩን ብቻ ነበር ለካ። ወደ ጥልቁ የሚገባው ግን ጉልበቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ወርዷል።

ጥፋተኛው ከአምፖሉ በላይ ያለው ሪፍሌክተር ሆኖ ተገኘ። ካርቶኑ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን አብዛኛው ከእሱ ነጥሮ የሚመጣ ነው። ፈትቼ ሳወርደው በቫርኒሽ ጭጋግና በአቧራ ተሸፍኖ ወተት መስሏል። በአልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ ጠረግኩት። ፕላስተሩ ከዚያ በኋላ ባዶውን ተላጠ።

አምፖሉን ሳየው በርቶ ነበር፣ ያታለለኝም ይኸው ነው። ሥራውን የሚሠራው ዩቪ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ አሁን በየጠዋቱ ራዲዮሜትሩ ያነበበውን ማሽኑ ጎን በተንጠለጠለ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አውራ ጣቴንም አልተውኩትም።

ሰሞኑን ደግሞ በ395 ናኖሜትር የሚሠራ ኤልኢዲ ሊገባልን ነው። እንደ አሁኑ የሜርኩሪ አምፖላችን እስኪሞቅ አያስጠብቅም፣ ኦዞንም አይሸትም። ግን ላዩን የሚያደርቀው አጭሩ የዩቪ ሞገድ የለውም። የድሮውን ቫርኒሽ ሞከርኩበት፤ ላዩ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።