የመጀመሪያው ዙር ነው? እስቲ ውሃውን ቁጠሩልን

አንድ ከተማ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሲያስታውቅ ቀድሞ የሚደርሰው ፖስተሩ ነው። የሜዳልያው ፎቶ፣ የቲሸርቱ ቀለም፣ የሽልማቱ መጠን፣ ሪባን የሚቆርጡት ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ይታወቃሉ። ሯጮች እርስ በርስ የሚጠያየቁት ግን ሌላ ነው፦ መስመሩን የለካው ማን ነው? ውሃው ለኋለኞቹ ይተርፋል? መንገዱ እስከ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ገንዘቡስ በእርግጥ አለ? እንዲህ የሚጠይቅ ሰው "ገና ሳይጀመር ሟርት" ይባላል። ሟርት አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ማራቶን ላይ ደግሞ የሚፈታው 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መመለስም መቀጠልም እኩል በሚከብድበት ቦታ።

ጥርጣሬው ግን ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም። አብዛኛው ነገር ውድድሩ ሁለት ወር ሲቀረው በወረቀትና በሂሳብ ይጣራል።

ከርቀቱ እንጀምር፤ ለሌላው ጉድለት ይቅርታ ይጠየቃል፣ የርቀት ስህተት ግን ውጤቱን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። 42.195 ኪሎ ሜትር በመኪና ቆጣሪ ወይም በስልክ ካርታ አይለካም። ተቀባይነት ያለው መለኪያ ብስክሌት ነው። በፊት ጎማው ላይ ጆንስ ቆጣሪ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል፤ የጎማውን ዙር በጥቃቅን ክፍልፋይ ይቆጥራል። ለኪው መጀመሪያ 300 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካና በብስክሌቱ አራት ጊዜ ይነዳበታል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በዚያ ጎማ ስንት ቁጥር እንደሚሰጥ የሚያውቀው ከዚህ ነው። የውድድሩን መስመር ለክቶ ሲጨርስም እዚያው ተመልሶ አራት ጊዜ ይደግማል። ፀሐይ ስትበረታ የጎማው አየር ስለሚሰፋ የማለዳው ቁጥር ቀትር ላይ አይሠራም። ሲነዳም ሯጭ ሊሮጠው በሚችለው አጭሩ መንገድ ነው፦ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከኩርባ ወደ ኩርባ በሰያፍ እየቆረጠ። በመጨረሻ በየኪሎ ሜትሩ አንድ አንድ ሜትር ይጨመራል። ስለዚህ በደንቡ የተለካ ማራቶን ሆን ተብሎ 42 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በኋላ እንደገና ቢለካ አጥሮ እንዳይገኝ ነው።

የልኬቱ የምስክር ወረቀት ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ያውም መስመሩ ካልተነካ። እንደ አዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዱ፣ አካፋዩና አደባባዩ ሲነሳና ሲተከል በሚከርምበት ከተማ የአምና ወረቀት የዘንድሮን መንገድ አይገልጽም። ጠርዙ ሁለት ሜትር ሲገባ በየኩርባው ያለው አጭር መንገድ አብሮ ይለወጣልና። ስለዚህ "መስመራችን ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር መልስ አይደለም። መልስ ማለት የለኪው ደረጃ (ኤ ወይስ ቢ)፣ የተለካበት ቀንና የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ነው። ሚኒማ (ለትልቅ ውድድር የሚያበቃ ሰዓት) ፍለጋ ለሚሄድ አትሌት እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ የሮጠው ሰዓት ለቤተሰብ የሚነገር ሰዓት ነው።

ለሪከርድ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው ቁልቁለት በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር፣ ማለትም በጠቅላላው ከ42 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀትም ከውድድሩ ግማሽ ማለፍ የለበትም። ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በ2011 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቦስተን ላይ 2:03:02 ሮጦ የዓለም ሪከርድ ያልተባለው በዚህ ነው። አዲስ ማራቶን "ፈጣን መስመር" ብሎ ሲያስተዋውቅ የፍጥነቱ ምንጭ ሜዳነቱ ይሁን ቁልቁለቱ ከፍታውን አይቶ መለየት ነው።

ወረቀቱ ቢኖርም ሌላ አደጋ አለ፤ የተለካው መስመርና በውድድሩ ዕለት በኮን የታጠረው መስመር ሊለያዩ ይችላሉ። ሄዶ የሚመለስ መስመር ላይ ማዞሪያው 100 ሜትር ቢሳሳት ውድድሩ 200 ሜትር ይሳሳታል። በ2015 ባንኮክ ውስጥ በተካሄደ ግማሽ ማራቶን ማዞሪያው የተሳሳተ ቦታ ተተክሎ ሯጮች ወደ 6 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ሮጠዋል። በ2021 የብራይተን ማራቶን 568 ሜትር ረዝሞ ተገኘ፤ ለአራት ሰዓት ሯጭ ይህ ከሦስት ደቂቃ በላይ ነው። የታላቋ ማንቸስተር ማራቶን ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ለሦስት ዓመት 380 ሜትር አጥሮ ሲሮጥ ቆይቶ የታወቀው በ2016 ነው። እነዚህ ልምድ ያላቸው አገሮች ናቸው። የመጀመሪያ ዙር አዘጋጅ ማዞሪያውን በጂ.ፒ.ኤስ. ነጥብ ብቻ መዝግቦ ከተኛ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኮን የሚተክለው ልጅ በግምት ይተክለዋል። ትክክለኛው አሠራር አስፋልቱ ላይ ምስማር መምታት፣ በቀለም ማክበብና "ከመብራት ምሰሶው 4 ሜትር ወደ ምሥራቅ" ብሎ በፎቶ ማስቀመጥ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ የእጅ ሰዓታችሁን ለክስ አታቅርቡ። በትክክል በተለካ ማራቶን ላይ ሰዓት 42.5 ወይም 42.7 ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ሕንፃና ድልድይ ምልክቱን ያዛባል፣ ሯጩም እንደ ለኪው አጭሩን መስመር ይዞ አይሮጥም። መጠርጠር የሚገባው የብዙ ሰው ሰዓት በአንድነት ከ42 በታች ሲያሳይ ነው።

ወደ ውሃው። 5,000 ሰው የሚሮጥበት ማራቶን ይሁን። የውሃ ማደያ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቢኖር ከ5ኛው እስከ 40ኛው 8 ይሆናል። አዘጋጁ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ኩባያ ብሎ ያስባል፤ ስህተቱ እዚህ ነው። ሲሞቅ ሯጭ ሁለት ያነሳል፣ አንዱን ጠጥቶ አንዱን አናቱ ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ለአንድ ማደያ 10,000፣ በጠቅላላው 80,000 ኩባያ ያስፈልጋል። በያንዳንዱ 150 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ 12,000 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 600። ግማሹን አዝዞ "ውሃ በበቂ አለ" የሚል አዘጋጅ አይዋሽም፣ ለመጀመሪያዎቹ 2,500 ሰዎች በቂ አለው።

ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ይታሰብ። 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሕዝቡ ገና አልተበተነም። መካከለኛው ግማሽ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል ብንል በደቂቃ 250 ሰው፣ 500 ኩባያ ማለት ነው። ይህን ከጀሪካን እየቀዱ መድረስ አይቻልም፤ ኩባያው ሯጭ ሳይደርስ ተቀድቶ፣ ጠረጴዛ ላይ በካርቶን ተነባብሮ መጠበቅ አለበት። ጠረጴዛው አጭር ከሆነ ሁሉም የመጀመሪያው ላይ ይጋፋል፣ ከኋላ የመጣው ከቆመው ጋር ይላተማል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ረጅም ማደያ፣ "ወደፊት ሌላ አለ" የሚል ሰው ከፊት ቆሞበት፣ ግፊያውን ይበትነዋል። ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ማደልም እንደ ልግስና ይታያል እንጂ ችግር ነው። ሯጩ ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ ይጥለዋል፣ ጠርሙሱና ክዳኑ የሚከተለውን ሰው ቁርጭምጭሚት ይጠብቃሉ።

ውሃ ሲያልቅ የሚጎዳው ለረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቆየው ዘገምተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ቺካጎ፣ አዲስ ያልሆነ፣ ገንዘብም ልምድም ያለው ማራቶን፣ ሙቀቱ ወደ 31 ዲግሪ ሲወጣ አንዳንድ ማደያ ላይ ውሃ አልቆ ውድድሩ በመሃል ተቋርጧል። በ2014 ደግሞ የሼፊልድ ግማሽ ማራቶን ሯጮች መነሻው ላይ ቆመው ሳለ ውሃው ስላልደረሰ ተሰርዟል፤ ብዙዎቹ ግን ሄዱና ሮጡት። ውሃ የሚያቀርበው ድርጅት ማነው፣ መኪናው መስመሩ ከመዘጋቱ በፊት ስንት ሰዓት ይገባል፣ መጠባበቂያውስ? እነዚህን የማይመልስ አዘጋጅ ስለ ሜዳልያው ዲዛይን ባያወራን ይሻላል።

መነሻው ላይ ያለው ሂሳብ አጭር ነው። 8 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ጎን ለጎን 10 ሰው ያሳልፋል፤ በሰከንድ አንድ ረድፍ ቢሄድ 5,000 ሰው ለማሳለፍ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሰዓት የሚይዘው ቺፕ መነሻው ላይም የሚያነበው ምንጣፍ ያስፈልገዋል፣ መድረሻው ላይ ብቻ ካለ የኋለኛው ሰው 8 ደቂቃ ይቀማል። በመስመሩ መሃልና በማዞሪያዎች ላይ ምንጣፍ ከሌለ አቋርጦ የሚገባ ሰው አይያዝም። ሽንት ቤትም እንዲሁ ነው፦ አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወስድ አንዱ ሽንት ቤት በሰዓት 40 ሰው ያስተናግዳል፤ 20 ሽንት ቤት አስቀምጦ 5,000 ሰው የጠራ ሰው መነሻው ለምን እንደዘገየ መጠየቅ የለበትም። ከማለዳው 12 ሰዓት የታቀደ ውድድር 40 ደቂቃ ሲዘገይ ሰልፉ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ መጨረሻው 40 ደቂቃ ወደ ፀሐይ ይገባል።

የመንገድ መዘጋት ላይ "6 ሰዓት" የሚል ገደብ ካያችሁ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ማለት ነው። ቆጠራው ከመነሻው ተኩስ ይሁን የመጨረሻው ሰው መነሻውን ካለፈ በኋላ፣ ደንቡ ላይ ካልተጻፈ ትራፊክ ፖሊሱ እንደመሰለው ይከፍተዋል። 10 ኪሎ ሜትሩንም ማራቶኑንም በአንድ መንገድ የሚያስኬዱ አሉ። ያኔ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የደረሰው መሪ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎቶ የሚነሱ እግረኞች መሃል ይገባል። ከፊት መንገድ የሚያሳየው መሪ ሞተር ብስክሌትም ራሱን የቻለ ስጋት ነው፤ በ2017 ቬኒስ ላይ ከፊት የነበሩት ሯጮች ሞተሩን ተከትለው ከመስመር ወጡና ጊዜ አጡ፣ ያሸነፈው ከኋላ ይከተል የነበረው አስመራ የተወለደው ጣሊያናዊ ኢዮብ ፋንኤል ነው።

ሕክምናው ላይ "አምቡላንስ አለ" በቂ አይደለም። ልብ ሲቆም ያለ ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ) የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍን ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፤ አምቡላንስ በተዘጋ መንገድና በሕዝብ መሃል አይፈጥንም፣ መሣሪያውን የያዘ ብስክሌት ይፈጥናል። በሙቀት ለወደቀና የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ላለፈ ሯጭ የሚያስፈልገው በረዶ የገባበት የውሃ ገንዳ ነው። ቀዝቅዞ ነው ወደ ሆስፒታል የሚሄደው፤ ይህ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሆን አለበት። መድረሻው ላይ ገንዳና በረዶ የሌለው የሕክምና ድንኳን የቁስል ፕላስተር ማደያ ነው።

አሁን በዚህ ለሚተዳደሩት። ማራቶን የሚሮጥ አትሌት በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ውድድር ነው ያለው። አንዱ አዲስ ማራቶን ላይ ከከሸፈ የዓመቱ ግማሽ ገቢ አብሮ ይከሽፋል። ስለዚህ ማናጀሩ "ጥሩ ይከፍላሉ" ሲል ውሉ በሚገባ ቋንቋ ይነበብ። የሽልማቱ ሠንጠረዥ ግርጌ ብዙ ጊዜ የሰዓት ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ከተባለው ሰዓት በታች ያልገባ አሸናፊ ሽልማቱ ይቀነስበታል። ከፍታ ላይ ባለ ወይም በሚሞቅ ከተማ ይህ ሁኔታ ሽልማቱን ከወዲሁ መቁረጥ ነው። ሽልማት በተለምዶ የሚከፈለው የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት ከመጣ በኋላ ነው፤ ምርመራ የማያስደርግ ውድድር "ምርመራው አልደረሰም" እያለ ማዘግየት አይችልም፣ ስለዚህ ምርመራ መኖሩንና የክፍያውን የመጨረሻ ቀን ውሉ ላይ አስጽፉ። አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ከውጭ አገር አትሌት 30 በመቶ ግብር ተቀንሶ እንደሚቀር፣ ከዚያ ላይ የማናጀሩ ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ፣ እንደሚወጣ አስቡ። 15ቱ ከጠቅላላው ይሁን ከተጣራው፣ ያም ይጻፍ።

አሯሯጭ (ፍጥነት ጠብቆ ከፊት የሚሮጥ ቅጥር ሯጭ) ስንተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ እንደተቀጠረና በምን ፍጥነት፣ የግል መጠጥ ጠርሙስ በየትኛው ጠረጴዛ እንደሚቀመጥ፣ የጫማ ምርመራ መቼ እንደሚደረግ በቴክኒክ ስብሰባው ይጠየቃል። ጫማ ትንሽ ነገር አይደለም፦ ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ በ2021 ቪየና ማራቶን ላይ ቀድሞ ገብቶ የተሰረዘው የጫማው ሶል ከተፈቀደው 40 ሚሊ ሜትር ይልቅ 50 ስለነበረ ነው። ከመነሻው በፊት የሚያይ ሰው ቢኖር ጫማ መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ከመክፈላችሁ በፊት ለአዘጋጁ አንድ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ የልኬቱ የምስክር ወረቀት ቁጥር፣ የኩባያ ብዛት በማደያ፣ ውድድሩ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል። በሳምንት ውስጥ በቁጥር ከመለሱ ተመዝገቡ፤ ጉድለት ቢኖር እንኳ የሚያስብ ሰው አለ ማለት ነው። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው "በቅርቡ እናሳውቃለን" ካሉና ቀድሞ ተመዝግባችሁ ከሆነ፣ ወደ ግማሽ ማራቶኑ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቻለ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ወገብ ላይ የሚታሰር ጠርሙስ፣ የራሳችሁን የኃይል ጄልና ለታክሲ የሚሆን ብር ይዛችሁ ግቡ፤ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በተከታታይ ሁለት ማደያ ባዶ ካገኛችሁ እዚያው ውጡ።