የልጄ መድኃኒት በትምህርት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ

ልጄ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር እንዳለበት የታወቀው እዚሁ ጅማ ነው። መጠይቁ ተሞላ፣ ክብደቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ተለካ፣ ሜቲልፌኒዴት ታዘዘለት። ብዙ ሰው ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሰሌዳ ላይ የጀመረውን ጽሑፍ ሳያቋርጥ ገልብጦ ሲጨርስ አየሁ። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ልጅሽን በኪኒን አደነዘዝሽው» ቢለኝ አልሰማም። ልጄ አልደነዘዘም፤ እንደ እኩዮቹ መማር ቻለ።

መከራዬ የመጣው ከእኩለ ቀኗ ኪኒን ነው። ለእሱ የታዘዘለት ዓይነት የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት የወሰደው ከሰዓት በኋላ አያቆየውም። ሐኪሙ «ትምህርት ቤቱ ይወቅ፣ እነሱ ይስጡት» አለኝ። ምክሩ በወረቀት ላይ ያምራል። መድኃኒቱን ከነመመሪያው በፖስታ አሽጌ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ አስረከብኩ። እሳቸውም ቁልፍ በሌለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከጠመኔው ጎን አስቀመጡት።

ስትሪፑ ከቀኖቹ ቀድሞ አለቀ። ስጠይቃቸው «መምህራን የራስ ምታት ኪኒን መስሏቸው ወስደው ይሆናል፤ ለጥቂት ፍሬ ይህን ያህል መቆጣት ምንድን ነው?» አሉኝ። የራስ ምታት ኪኒን በየሱቁ ይሸጣል። የእኔ ልጅ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሰጥ፣ ከፋርማሲ ሲጠፋ አዲስ አበባ ድረስ በዘመድ የሚፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት አምፌታሚን ከሚባለው ሱስ አስያዥ አነቃቂ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ተመዝግቦ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ይህን ሁሉ ቆሜ አስረዳኋቸው። ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

ኪኒኑ የት እንደሄደ የነገረኝ የጎረቤቴ ተከራይ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አንድ ማታ በር አንኳኩቶ «እትዬ፣ ያችን እንቅልፍ የምታባርረውን ኪኒን አንድ ብቻ ይስጡኝ፣ ፈተና ደርሶብኛል» አለኝ። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው፣ ከዚያው ትምህርት ቤት መምህር አግኝቶ ከዚህ ቀደም እንደሞከራት ሳያፍር ነገረኝ። የወሰዳት ሲቅም አምሽቶ ነው። ልቡ ሲደልቅ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ አድሮ፣ ጠዋት ፈተናው ላይ ያነበበው ሁሉ ጠፋበት። ያም ሆኖ ሌላ ሊለምነኝ መጣ!

ጅማ ላይ ይህ ነገር በተለይ ያስፈራኛል። ፈተና ሲቃረብ ጫት ይዞ ማንበብ እዚህ እንግዳ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በላዩ ላይ ሜቲልፌኒዴት መጨመር በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ችግሩ የሌለበት ሰው ቢውጠው ድካሙ ይሸፈንለታል እንጂ አእምሮው አይሰላም። ያለ ሐኪም መጠኑን እያሳደጉ መውሰድ ደግሞ ወደ ሱስ ይወስዳል፤ አንዳንዱን የሌለ ድምፅ እስከ መስማት ያደርሰዋል። ልጁን አስቀምጬ ይህን ነገርኩት፤ ኪኒን ግን አልሰጠሁትም።

አቤቱታ ይዤ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ብሄድ «የመድኃኒት ጉዳይ የጤና ነው» አሉኝ። የጤናዎቹ «በትምህርት ቤት የተፈጸመ ነገር የትምህርት ነው» አሉኝ። ማመልከቻዬ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ንዴቴም አልበረደም።

ስለዚህ ሐኪሙ ቅር ቢለውም ምክሬ ይህ ነው፦ ለትምህርት ቤት ወረቀቱን ስጡ፣ መድኃኒቱን አትስጡ። የክፍሉ መምህር ብቻ ይወቅ። እኔ አሁን በምሳ ሰዓት በባጃጅ እየሄድኩ በእጄ አውጠዋለሁ፤ የማይችል ሰው ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠራውን ዓይነት ሐኪሙን ይጠይቅ። ቤት ውስጥም ይቆለፍበት፣ ፍሬው ይቆጠር። ለዘመድ «ኪኒን ጀመረ» ብሎ ማውራት ይቅር፤ ወሬው ለጋሽ ሳይሆን ለማኝ ነው የሚያመጣው።

የምግብ ፍላጎት ይቀንሳልና ቁርስ ከኪኒኑ በፊት ይብላ። እንቅልፍ ስለሚነሳ ወደ ማታ አይሰጥ። ቁመቱና ክብደቱ በየቀጠሮው ይለካ፤ ዕድገትን ሊያዘገይ ይችላል። ሳይለኩ ማዘዣ ብቻ ጽፈው ሊሸኟችሁ ከሞከሩ ከወንበሩ አትነሡ።