ዋጋዋ የማያስፈራ ኩፔ

ዛሬ ማታ በኮምፒውተር ጨዋታ የምነድፋትን መኪና ሞተር ከ2 ሊትር ወደ 1.6 አወረድኩት፤ የተረፈውን ገንዘብ ፍሬንና ጎማ ላይ አዋልኩት። የፈረስ ጉልበቷ ሲቀንስ እያየሁ አልከፋኝም። መኪናዋ መልክ የያዘችው ገና አሁን ነው።

የምነድፍበት ጨዋታ አውቶሜሽን ይባላል። ዋናው ነገሩ መኪና መንዳት ሳይሆን መኪና መሥራት ነው። የሲሊንደሩን ስፋት፣ የፒስተኑን ምት (ወጥቶ የሚወርድበትን ርቀት)፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን የካሙን ቅርጽ፣ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ሳይቀር ራስህ ትወስናለህ። ከዚያ ቦዲው፣ ካምቢዮው፣ ሞላው፣ ፍሬኑ ይከተላል። በመጨረሻ ጨዋታው መኪናዋን ለልዩ ልዩ ገዢዎች ያቀርብና ማን እንደሚፈልጋት፣ ስንትስ ሊከፍልባት እንደሚችል ያሳይሃል። ባለ12 ሲሊንደር የሀብታም መኪና መሥራት እዚያ ውስጥ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ዋጋ ካልገደበህ ሁሉንም ነገር ከፍ ታደርገዋለህ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው፦ ደመወዝተኛ ቆጥቦ የሚገዛት፣ ስትነዳ ደስ የምታሰኝ ባለሁለት በር ኩፔ።

እሷን የሚገዛ ሰው ሌላ መኪና የለውም። ሰኞ ወደ ሥራ ይሄድባታል፣ ቅዳሜ ገበያ ያመላልስባታል፣ ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ላይ ይነዳታል። ስለዚህ ሥራዬ የሚጀምረው የትኛውን ክፍል ተራ አድርጌ እንደምተው ከመወሰን ነው።

በእውነተኛው ዓለምም የተሳካላቸው እንዲህ ነው የሠሩት። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1964 ሙስታንግን ሲያወጣ ከሥር ያለው አብዛኛው ነገር ፋልከን ከምትባለው ተራ የቤተሰብ መኪና የመጣ ነበር፤ መነሻ ዋጋዋም 2,368 ዶላር ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400,000 በላይ ተሸጠች። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጣችው የፎርድ ካፕሪም ኮርቲና የምትባለው የቤተሰብ መኪና ዘመድ ናት። እኔ ግን ልቤ ያለው ከቶዮታዋ ኤኢ86 ጋር ነው፤ ምክንያቱም ኮሮላ ናት። ጅማ ውስጥ ከመርካቶ እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ዲኤክስ እያልን የምንጠራቸው አሮጌ ኮሮላዎች ዛሬም ይሠራሉ። ያቺ ዓለም ያወቃት ፈጣን መኪና ከዚሁ ቤት መውጣቷን ሳስብ፣ ጎረቤቴ ደጅ የቆመችውን ነጭ ዲኤክስ በሌላ ዓይን አያታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ቶዮታ ኮሮላን ወደ ፊት ጎማ ነጂነት ሲቀይር ለኤኢ86 ግን የኋላ ጎማ ነጂውን የቀድሞ አሠራር አስቀረላት። የኋላ አክስሏ አንድ ወጥ ነው፤ ለዘመኑ እንኳ አዲስ ነገር አልነበረም። ገንዘቡ የሄደው ሞተሩ ላይ ነው፦ 1,587 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ካም፣ 16 ቫልቭ። ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች። ተራ የሆነው ተራ ሆኖ ቀረ፣ ነፍስ ያለበት ቦታ ላይ ግን አልሰሰቱም። ይህን ውሳኔ ባየሁ ቁጥር አከብረዋለሁ።

የዚያ ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 81 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት ደግሞ 77 ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ርካሽ ኩፔ የምትሞተውም የምትድነውም እዚህ ነው። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አንዴ ሲዞር ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ይወርዳል፤ ማለት በአንድ ዙር የምቱን ሁለት እጥፍ ይጓዛል። በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ ባለ77ቱ በአማካይ በሰከንድ 19 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ምቱን 86 ብናደርገው ያው ዙር ላይ 21 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፒስተኑና ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ የሚሸከሙት ኃይል ግን አብሮት ያድጋል። ያን ጊዜ ጨዋታው በቀይ ያስጠነቅቅሃል፣ አንተም ጠንካራውንና ውዱን ፒስተን ለመግዛት ትገደዳለህ፣ ዋጋዋም ካሰብከው ገዢ እጅ ያመልጣል። አጭር ምት ከያዝክ ግን በርካሹ ፒስተን ከፍ ያለ ዙር ታገኛለህ። ዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበቷ ይሳሳል፣ እውነት ነው። ለዚያ መልሱ ክብደት መቀነስ ነው።

ክብደት ላይ የጅማ በርጩማ ጠራቢዎችን አስባለሁ። ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፍሉት፤ እንጨት መጨመር የለም፣ ያለው ማንሳት ብቻ ነው፣ ግን እግሩ ሰው እስኪችል ድረስ ብቻ። አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ ቦዲ ምረጥ ሲለኝ እምቢ ብዬ ብረት ላይ እቆያለሁ፤ ቅናሹን የማመጣው ከመቀመጫውና ከጎማው ስፋት ነው።

ቱርቦ ይፈትነኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር እዚህ ወደ 110 ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ አየሩን አስገድዶ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት ይሸፍናል። ለጅማ ብቻ ብነድፍ ኖሮ እገጥምላት ነበር። ነገር ግን ጨዋታው ውስጥ ያለሁበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1985 ነው፤ የዘመኑ ቱርቦ ይዘገያል፣ ይግላል፣ የአስተማማኝነት ነጥቧን ይቀንሳል፣ የሰርቪስ ወጪዋንም ያንራል። ደመወዝተኛዬ ላይ ይህን አልጭንም።

ፍሬኑ ላይ ግን አልደራደርም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርደውን ቁልቁለት ያውቀዋል፤ የከባድ መኪኖቹ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባል። ጨዋታው ፍሬን ሲግል ምን ያህል እንደሚደክም በመቶኛ ያሳያል፤ እኔም ያ ቁጥር ዜሮ እስኪሆን ድረስ የፊቱን ዲስክ አሰፋለሁ። ፈጣን ብለህ የሸጥካት መኪና መቆም ካቃታት ገዢውን ከድተኸዋል። ጎማውም እንደዚሁ ነው። የእኛን ዝናብ እያሰብኩ የኋላው ቶሎ እንዳይከዳ፣ የፊቱ ትንሽ ቀድሞ እንዲንሸራተት አድርጌ አስተካክላለሁ። የስፖርት ነጥቧ ትንሽ ይወርዳል፣ ለመንዳት የመመቸት ነጥቧ ግን ከፍ ይላል።

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ላፕቶፑን አዩት። መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ።

«ይቺ ስንት ካም አላት?»

«ሁለት ናት ጋሼ፣ ሁለቱም ከላይ ናቸው።»

«ልጄ፣ ቺንጋዋ ቢበጠስ ቫልቩ ፒስተኑን ይመታል ወይስ ይተላለፋሉ?»

ጨዋታው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ለእርሳቸው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ጋራዣቸው ተጎትታ የመጣች መኪና ሁሉ ካሙን የሚያዞረው ቺንጋ ተቆርጦ፣ ቫልቩ ታጥፎ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱም ቆሞ ስንት ይፈጃል እያለ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት አደርጋታለሁ፦ ያው ቦዲ፣ ያው ፍሬን፤ አንዷ ባለአንድ ካም፣ ሌላዋ ባለሁለት። ቶዮታም የሠራው ወደዚህ የቀረበ ነው፤ ኤኢ86 ያንኑ ገላ የለበሰች፣ ባለ1.5 ሊትር አንድ ካም የሆነች ኤኢ85 የምትባል እህት ነበረቻት። እህቲቱን ማንም አያወድሳትም። እኔ ግን የመጀመሪያ መኪናው እንድትሆን ለሚገዛት ልጅ የእኔን ባለአንድ ካም እመርጥለታለሁ፤ ሞተሩን በኋላ ገንዘብ ሲያገኝ ይቀይረዋል፣ ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ሚዛን ግን ከመጀመሪያው ቀን አብሮት አለ።

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አንዳንድ ጓደኞቼ የቤንዚን ሞተር መንደፍ ምን ይሠራልሃል ይሉኛል። ክብደት፣ ፍሬን፣ ዋጋ ለኤሌክትሪኳም ያው ጥያቄ ናቸው። ባትሪው ከባድ ነው፤ ምናልባት ጥያቄው ይበልጥ ይከብድ ይሆናል እንጂ አይቀርም።

የቀረኝ ማርሹ ነው። አምስት ማርሽ ሰጥቻታለሁ፤ አምስተኛውን ለረጅሙ መንገድ ቤንዚን እንዲቆጥብ አረዘምኩት። ሦስተኛው ላይ ተያይዣለሁ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት አራት ሰው ጭና ወደ ሁለተኛ ሳትወርድ እንድትወጣው እፈልጋለሁ፤ ባለአንድ ካሟ እንኳ። አሁን ባለው ምጥጥን 4,000 ዙር አካባቢ ትደክማለች። ካሙን ለዝቅተኛ ዙር ላስተካክለው ወይስ የዲፈረንሻሉን ምጥጥን ላሳጥረው? ካሙን ከነካሁ ከፍተኛ ዙር ላይ ያላት ደስታ ይቀንሳል። ነገ ማታ መብራት ካለ ከዲፈረንሻሉ እጀምራለሁ።