200 ዶላር ይዞ የመጀመሪያ ኤርሶፍት መግዛት

እሑድ ከቅዳሴ መልስ «አባዬ፣ የክፍሌ ልጆች ኤርሶፍት ሊጫወቱ ነው፤ ለእኔም ግዛልኝ» የሚለው ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሐበሻ ቤት ገብቷል። ወላጅ ይደነግጣል። እውነተኛውን ክላሽ ያየ ሰው ክላሽ የሚመስል መጫወቻ ለልጁ መግዛት አይዋጥለትም። ልጁ ደግሞ የሚያየው መልኩን ብቻ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው 200 ዶላር ነው፤ አገር ቤት ቢላክ ስንት ቀዳዳ የሚደፍን ገንዘብ። እንግዲህ ከወጣ አይቀር ሁለተኛ እንዳያስወጣ አድርጎ ማውጣት ነው።

ኤርሶፍት ባሩድ የለውም። 6 ሚሊ ሜትር የሆነች ቢቢ የምትባል የፕላስቲክ ጠጠር በታመቀ አየር ወይም ጋዝ ይወረውራል። ጨዋታው ከጃፓን የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚይዘውን በባትሪ የሚሠራውን ዓይነት ቶኪዮ ማሩይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳዩ ፋማስ ጠመንጃ አምሳል ጀመረው። ባሩድ የለውም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ቆዳ ላይ ቀይ ምልክት ትቶ ያልፋል፤ ጥርስ ይሰብራል፤ ዓይን ያጠፋል።

ስለዚህ ከ200 ዶላሩ መጀመሪያ የሚነሣው የዓይን ድርሻ ነው። መነጽሩ ላይ «ዜድ 87» የሚለው የአሜሪካ ደረጃ ከመደመር ምልክት ጋር ታትሞ ይፈለጋል፤ የመደመር ምልክቷ በከባድ ምት ተፈትኖ ማለፉን ነው የምትናገረው። ምልክቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ዙሪያውን ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥና በላስቲክ የሚታሰር መሆን አለበት። የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገው ጎኑ ክፍት የሆነ መነጽር ቢቢ በጎን ያስገባል፤ ብዙ የኤርሶፍት መጫወቻ ሜዳዎችም እሱን ያደረገ ሰው አያስገቡም። የሽቦ ወንፊት መነጽር ርካሽ ነው፣ በትንፋሽም አይደበዝዝም፤ ነገር ግን ቢቢ ሽቦው ላይ ስትፈረካከስ ስብርባሪዋ በቀዳዳው ልታልፍ ትችላለች። ወንፊቱን ለአፍና ለጥርስ፣ ድፍኑን ፖሊካርቦኔት ለዓይን አድርጉ። ድርብ መስተዋት ያለው ከተገኘ አምስትና አሥር ዶላር ቢጨመርበት አያስቆጭም፤ መነጽር ሲደበዝዝ ልጅ ከፍ አድርጎ ይጠርገዋል፣ ዓይን የሚመታውም ያን ጊዜ ነው።

ክፍፍሉ በግምት እንዲህ ይሆናል። ጠመንጃው ከባትሪና ከቻርጀር ጋር 140፣ መነጽር 25፣ የታችኛው ፊት ጭንብል 12፣ አንድ ኪሎ ቢቢ 14። ድምሩ 191 ነው። የቀረችው የሲሊኮን ዘይት ትገዛለች። ታክስና የሜዳ መግቢያ ከዚህ ውጭ ናቸው። እጃችሁ ላይ ያለው 100 ብቻ ከሆነ ጠመንጃ አትግዙ፤ መነጽርና ጭንብል ገዝታችሁ ጠመንጃውን ሜዳው ላይ ተከራዩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫውቶ የሚሰለቸው ልጅ ብዙ ነው፣ መነጽሩ ግን ለሌላም ሥራ ይውላል።

ዓይነቱ ላይ ስንመጣ፣ ገበያው በሦስት ይከፈላል፦ በእጅ የሚቀባበል ባለሞላ፣ በጋዝ የሚሠራ፣ በባትሪ የሚሠራ። ጀማሪን የሚያታልለው ረጅሙ ባለ መነጽር አነጣጣሪ ጠመንጃ ነው። ርካሹ ባለሞላ ከሳጥኑ ሲወጣ ከተራው የባትሪ ጠመንጃ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ተኩሶ እስኪያቀባብል ሌላው አሥር ይለቅበታል። ኃይለኛው ደግሞ ብዙ ሜዳ ላይ ከ100 ጫማ ባነሰ ርቀት ሰው ላይ እንዳይተኮስበት ይከለከላል። የጋዝ ሽጉጥ ያምራል፣ እጅ ላይም ይረግጣል፤ ነገር ግን አንዱ ካዝና ብቻውን 30 ዶላር ገደማ ነው፣ ጎማው ሲደርቅ ጋዝ ያፈሳል፣ ብርድ ሲሆንም ግፊቱ ይወርዳል። የሚኒሶታን ኅዳር የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም። ከባለሞላዎቹ ውስጥ ለድሃ ኪስ የምንመክረው ሦስት አፈሙዝ ያለው ሾትገን ነው። አንድ ጊዜ ሲቀባበል ሦስት ቢቢ አንድ ላይ ይለቃል፣ ባትሪም ጋዝም አይፈልግም፣ የሚበላሽበትም ነገር ጥቂት ነው። በ50 ዶላር ዙሪያ ይገኛል።

በጀቱ ከፈቀደ ግን የመጀመሪያው ጠመንጃ ባለባትሪ ይሁን፤ መልኩም የአሜሪካው ኤም 4 ጠመንጃ ወይም ክላሽ። እነዚህ ሁለቱ የሚመረጡት መለዋወጫቸው በየሱቁ ስለሚገኝ ነው። ላንሰር ታክቲካል ኤም 4፣ ሳይማ ክላሽ የሚሠሩ ሲሆን፣ ከ130 እስከ 180 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ጂ ኤንድ ጂ ትንሽ ከፍ ይላል። ሳጥኑ ላይ ፈልጉ የምንላችሁ የሚታየው አካል ብረት መሆኑን አይደለም። ከናይለን የተሠራ አካል ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚሸከመው ልጅም ይመሰክርለታል። ብረት መሆን ያለበት የውስጡ ጊርቦክስ ነው፤ በእኛ ካምቢዮ ብንለው ያስኬዳል። ፒስተኑ፣ ሞላውና ጥርሶቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። በ40 እና በ60 ዶላር የሚሸጡት ባለባትሪዎች ካምቢዮአቸው ፕላስቲክ ነው፤ መለዋወጫ አይገኝላቸውም፣ ሲሰበሩ ይጣላሉ። የኤም 4 ካምቢዮ «ቨርዥን 2»፣ የክላሹ «ቨርዥን 3» ይባላል። ሳጥኑ ይህን ካልጻፈ ሻጩን ጠይቁ፤ ሻጩም ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ባትሪ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ኒኬል ባትሪ ከትንሽ የግድግዳ ቻርጀር ጋር ነው። ያ ቻርጀር ሲሞላ ራሱን አያጠፋም፤ ሰዓቱን የምታሰሉት እናንተ ናችሁ። የባትሪውን ሚሊ አምፒር ሰዓት ለቻርጀሩ ሚሊ አምፒር አካፍሉና በ1.2 አባዙት። ባትሪው 1600፣ ቻርጀሩ 250 ከሆነ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ሌሊት ሰክቶ መተኛት ባትሪውን ያሞቀዋል፣ ዕድሜውንም ይበላል። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ይሻላል፤ ቃታው ሲሳብ መልሱ ፈጣን ነው። ግን 7.4 ቮልቱን ያዙ። 11.1 ቮልቱ ጥርስና ፒስተን ይበላል፣ ሞስፌት የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ የሌለውን ጠመንጃ ደግሞ የቃታውን መገናኛ ያቃጥለዋል። ሊፖ የባትሪውን ክፍሎች (ሴሎች) እኩል የሚሞላ የራሱን ሚዛን ጠባቂ ቻርጀር ይፈልጋል፤ በኒኬል ቻርጀር መሙላት እሳት መጥራት ነው። አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች እንዳይወርድ፣ ሳይሠራ ሲቀመጥም በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ይሁን። አብጦ ካያችሁት ዳግም አትሙሉት። ሁለት ነገር ደግሞ ሳትገዙ ለኩ፦ ባትሪው የሚገባበትን ቦታ ስፋትና የሶኬቱን ዓይነት። የኤም 4 ሰደፍ ውስጥ ያለው ቱቦ ጠባብ ነው፣ ቀጭን ባትሪ ብቻ ያስገባል። ትንሹ ታሚያ ሶኬት ከቲ ሶኬት ጋር አይገጥምም።

ቢቢ ላይ አትሰስቱ። 0.12 ግራም የሆነችው ርካሿ ለልጆች ሽጉጥ ናት፤ ባለባትሪ ውስጥ ከገባች ትሰነቀራለች፣ ትሰበራለችም። 0.20 ለመለማመጃ ይሆናል፤ ሜዳ ላይ 0.25 ነፋስን ይቋቋማል። የ0.25 አንድ ኪሎ ከረጢት ውስጥ 4000 ፍሬ አለ። መሬት ላይ የወደቀችውን ለቅሞ መጠቀም ቁጠባ ይመስላል፤ አሸዋዋ ግን የውስጡን ቱቦ ይፍቃል። ብዙ የውጭ ሜዳዎች በአፈር ውስጥ የሚበሰብሰውን ዓይነት ብቻ ስለሚፈቅዱ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ሜዳው በር ላይ ፍጥነት ይለካል። መለኪያው ጫማ በሰከንድ፣ ቢቢዋ 0.20 ግራም ናት። ለቤት ውስጥ 350፣ ለውጭ 400 የተለመደ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጠመንጃ ተከፍሎበትም ቢሆን ተመልሶ መኪና ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «450 ይተኩሳል» የሚለውን ማስታወቂያ እንደ ጥሩ ነገር አትዩት። 350 አካባቢ ያለው ጠመንጃ ብዙ ቦታ ያስገባል። ጉልበቱ 1.14 ጁል ነው፤ በዚያው ጉልበት 0.25 ስትተኮስ 313 ላይ ትወርዳለች፣ እሱ ብልሽት አይደለም።

የመጀመሪያውን ሰዓት ለሆፕ አፑ ስጡት። ሆፕ አፕ ቢቢዋን ከላይ ጫን ብሎ ወደ ኋላ እያሽከረከረ የሚለቅ ጎማ ነው፤ ቀጥ ብላ ርቃ የምትሄደው በእሱ ነው። ማስተካከያውን ወደ ዜሮ መልሱ፣ በነጠላ ተኩሱ፣ ቢቢዋ ቶሎ ወደ መሬት ከወደቀች በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። መጨረሻዋ ላይ ወደ ላይ መነሣት ከጀመረች በዝቷል፤ በትንሹ መልሱ። የቢቢ ክብደት በተለወጠ ቁጥር ይህን መድገም ነው። ጎማው ላይ ዘይት የነካ እንደሆነ ሽክርክሪቱ ይጠፋል፤ ያኔ ጠመንጃው «ተበላሸ» ይባላል። ደረቅ ጨርቅ በዘንግ አስገብቶ ቱቦውን መጥረግ ይበቃዋል። ለበር ማጠፊያ የሚረጨውን ዘይት በጭራሽ አትንኩት፣ ጎማ ይበላል።

ቃታው ሲሳብ ጭጭ ካለ መጀመሪያ ባትሪው መሙላቱን፣ ቀጥሎ ሶኬቱን፣ ከዚያ ሰደፉ ወይም እጀታው ሥር ያለውን ፊውዝ እዩ። ነጠላ ላይ ሳለ «ቅጭ» ብሎ ከቆመ ጥርሱ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ወደ ተከታታይ አዙራችሁ አንድ ጊዜ ሳቡት፣ ይለቃል። ሞተሩ እየጮኸ ምንም ካልወጣ የፒስተኑ ጥርስ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ቢቢ በሌለው ባዶ ካዝና ሲተኩሱ መዋል ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል። በሚጠመዘዝ መዘውር ቢቢ የሚመግብ ካዝና ደግሞ መዘውሩ ካልተጠመዘዘ አይመግብም፤ ጀማሪ ግማሹን ጊዜ ጠመንጃውን የሚረግመው ለዚህ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ሳይተኮስ አትክፈሉ። የራሳችሁን ቢቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ በነጠላ 20 ጊዜ አስተኩሱ፣ ጩኸቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ስሙ። «አፕግሬድ ተደርጓል» የሚል ሻጭ የሠራበትን ዕቃ ደረሰኝ ያሳይ።

አሁን ወደ ከባዱ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ እንዲህ ያለ መጫወቻ አፈሙዙ ላይ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው ያስገድዳል። ልጆች መልኩን አበላሸ ብለው ይቀቡታል፣ ይነቅሉታል። አትፍቀዱ። በኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ መናፈሻ ውስጥ የያዘው ኤርሶፍት ሽጉጥ ነበር፣ ብርቱካናማው ምልክት አልነበረበትም፤ ፖሊስ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ተኮሰበት፣ ልጁም ሞተ። ምልክቱ መኖሩም ዋስትና አይደለም፤ ከሩቅ የሚያይ ጎረቤት ጥቁር ልጅና ጠመንጃ ነው የሚያየው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ከቤት ወደ መኪና በተዘጋ ቦርሳ፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ፤ የሚወጣውም ሜዳው ውስጥ ብቻ። በአፓርትመንት ግቢና በመኪና ማቆሚያ «አንድ ጊዜ ላሳያቸው» የሚባል ነገር የለም። ከተማና ካውንቲ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ኒው ዮርክ ከተማ እውነተኛ የሚመስለውን ጥቁር መጫወቻ መያዝ ይከለክላል።

እንግሊዝ ያላችሁ ከ18 ዓመት በታች መግዛት እንደማይቻልና እውነተኛ መሳዩን ለመግዛት የሜዳ አባልነት እንደሚጠየቅ እወቁ፤ አለዚያ የሚሸጥላችሁ ደማቅ ቀለም ያለው ነው። ጀርመን ውስጥ ከ0.5 ጁል በላይ የሆነው ለአዋቂ ብቻ፣ የ«ኤፍ» ምልክት በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተቀረጸበትና በነጠላ ብቻ የሚተኩስ መሆን አለበት። ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞ መሄድ እዚያ ጣጣ ያመጣል።

በአውሮፕላን ኤርሶፍት በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ የአሜሪካ ደንብ የሚፈቅደው በሚጫነው ብቻ ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ስጦታ ብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተትን ግን እርሱት፤ የቦሌ ፍተሻ ላይ ጠመንጃ የሚመስል ዕቃ ይዞ «መጫወቻ ነው» እያሉ ማስረዳት ከ140 ዶላሩ በላይ ያስከፍላል።