ሁሉም ያየው፣ ማንም ያልለየው

«አዲስ የእንስሳ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ፎቶው ላይ ነው። ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ፣ ግንባር ላይ የታሰረ ባትሪ፣ ከኋላ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ስለዚህ ጉዳይ ማታ ማታ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ፎቶው ታሪኩን ከመጨረሻው እየጀመረ እንደሚነግረኝ ይሰማኛል። አዲስ ከሚባሉት እንስሳት ብዙዎቹ ሰው አይቷቸው የማያውቁ አይደሉም። ታይተዋል፣ ተይዘዋል፣ ቆዳቸው ተገፎ ተቀምጧል፣ አንዳንዶቹም ተበልተዋል። ያጡት ለይቶ የሚያያቸውን ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኦሊንጊቶን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በ2003 ክሪስቶፈር ሄልገን የሚባል የአጥቢ እንስሳት ተመራማሪ ቺካጎ በሚገኘው የፊልድ ሙዚየም ውስጥ የኦሊንጎ ቆዳዎችን ለማየት መሳቢያ ይስባል። ኦሊንጎ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ የራኩን ዘመድ ነው። ከመሳቢያው ውስጥ የወጣው ቆዳ ግን ሄልገን የሚያውቀውን ኦሊንጎ አይመስልም። ጸጉሩ ረዘም፣ ጠቅጠቅ ያለ ነው፤ ቀለሙም ወደ ቀይና ብርቱካናማ ያደላል። የራስ ቅሉን ሲያወጣው አነስ ይላል፣ የጥርሶቹም ቅርጽ ሌላ ነው። ቆዳው እዚያ ከተቀመጠ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። መለያ ወረቀትም ታስሮበታል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው የሌላ እንስሳ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የትዕግሥት ነው። ሌሎች ሙዚየሞች ውስጥ ያሉ ቅሎችና ቆዳዎች ተለኩ፣ ተነጻጸሩ፣ ዲኤንኤም ተመረመረ። በ2006 ወደ ኢኳዶር ተራሮች የሄደው ቡድን በመጀመሪያዋ ሌሊት እንስሳውን በሕይወት አየው። ኦሊንጊቶ የሚለው ስም በይፋ የወጣለት በ2013 ነው፤ በአሜሪካ አህጉራት በ35 ዓመት ውስጥ ከሥጋ በል አጥቢዎች ወገን የተገኘ የመጀመሪያው አዲስ ዝርያ ተባለ። ከታሪኩ ሁሉ የምወደው አንድ ነገር አለ። ከዚያ በፊት አንዲት ኦሊንጊቶ አሜሪካ ውስጥ ከአንዱ የእንስሳት ማቆያ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ኖራለች። ከኦሊንጎ ወንዶች ጋር ሊያዳቅሏት ሞክረው እምቢ ብላ ጠባቂዎቿን ግራ አጋብታ ነበር። ሳይንቲስቱ ከመድረሱ በፊት ልዩነቱን የነገረቻቸው እሷ ነበረች ማለት ይቻላል።

ይህ የአንድ እንስሳ ዕድል ብቻ አይደለም። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው አንድ ናሙና ከተሰበሰበበት ቀን አንስቶ አዲስ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ስም እስኪወጣለት ድረስ በአማካይ 21 ዓመት ይፈጃል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ የወጡ የእንስሳት ስሞች ሁሉ አንድ ደንብ አላቸው፤ አዲስ ነው የሚል ሰው ያንን ሁሉ አገላብጦ የእሱ እንስሳ ከዚያ መሀል አለመኖሩን ማሳየት አለበት። ጉዞው ገንዘብም ጋዜጠኛም አያጣም። መሳቢያውን የሚከፍተው ሰው ግን ጡረታ ሲወጣ ቦታው ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ይሄ ያናድደኛል።

ሲላካንት የሚባለውን ዓሣም እዚህ ላይ ሳላነሳ አላልፍም። በ1938 ማርጆሪ ኮርትኔይ ላቲመር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአንድ ጀልባ ላይ ከተራገፈ ዓሣ መሀል ስትለየው፣ ሳይንስ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል ብሎ የደመደመው ወገን ነበር። የኮሞሮስ ዓሣ አጥማጆች ግን ያኔም በመንጠቋቸው ያወጡት ነበር። «ሕያው ቅሪተ አካል» የሚለውን ቅጽል አልወደውም፤ የዛሬው ዓሣ በድንጋይ ላይ ታትመው ከቀሩት ዘመዶቹ ጋር ቢቀራረብም አንድ አይደለም።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜዬን የወሰደው ግን የጣና ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ሳይንቲስቶቹ ላቤዮባርበስ የሚሉት ወገን። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ዓሦቹን አይቶ የተለያዩ ናቸው በማለት ለየብቻቸው ስም አወጣላቸው። በ1973 ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች (የነጭ ዓሣ ወገን ናቸው) እንደገና ሲመረምር የጣናዎቹን አብዛኞቹን ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አደረጋቸው። መልካቸው ይለያይ እንጂ ድንበር አላገኘሁባቸውም ባይ ነው። በ1990ዎቹ ሊዮ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መጥተው እንደገና ለያዩአቸው፤ ዛሬ 15 ያህል ዝርያ ተብለው ይቆጠራሉ። ዓሣው ያው፣ ሐይቁም ያው። መጀመሪያ ብዙ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ።

የራሶቻቸውን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ባኒስተርን መረዳት ያቅተኛል። የአንዱ አፍ ወደ ታች የዞረ ነው፤ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ከድንጋይ ሥር ትላትል ይለቅማል። የሌላው አፍ ሰፊ ነው፣ መንጋጋው ረጅም፤ ሌላ ዓሣ አሳድዶ ይበላል። ሌላው ደግሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ያጣራል። ሩቅ ሳይኬድ እነዚህ ሦስቱ አንድ መረብ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ከ15ቱ ውስጥ ደግሞ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ይሄ ቁጥር ለምን እንደሚያስደንቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። ባርበስ ከካርፕ ቤተሰብ ነው፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ እውነተኛ ጨጓራም የለውም። ነክሶ መያዝ አይችልም፤ የያዘውን በጠባብ ጉሮሮ እንዳለ ማሳለፍ አለበት። እንዲህ ያለ አካል ይዞ አዳኝ መሆን ፒንሳ በሌለው እጅ ምስማር እንደ መንቀል ነው።

ታዲያ ለምን ሆኑ? ቦታው ባዶ ስለነበረ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ከታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሚኖሩት እንደ ናይል ፐርች ያሉ ጥርሳም አዳኞች ያንን ፏፏቴ መውጣት አይችሉም። ከላይ የቀረው ባርበስ ተወዳዳሪ ስላልነበረው ያልተዋጣለት አዳኝም ቢሆን ጠግቦ ያድር ነበር። ጠግቦ ያደረ ዘር ይተካል። አፉ ትንሽ ሰፋ ያለው ትንሽ ትልቅ ዓሣ ይውጣል፤ ልጆቹም አፈ ሰፊ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ በጣም በአጭር ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ጣና የዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ ደርቆ ነበር። እንደገና የሞላው ከዚያ በኋላ ነው። በዝግመተ ለውጥ ሚዛን ይህ ትናንት ነው።

በዘረመል ሲታዩ ታዲያ ዓሦቹ አሁንም እጅግ ይቀራረባሉ። ባኒስተር ድንበር አጣሁ ያለው በከንቱ አልነበረም ማለት ነው። ግን ክረምት ሲገባ ገሚሶቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ ሌሎቹ በዚያ ወቅት ወንዞቹ ውስጥ አይገኙም። ወደ ወንዝ የሚወጡትም ጊዜና ቦታ ይለያያሉ። ዲኤንኤው ገና ያልጻፈውን ልዩነት ጋብቻቸው ጀምሮታል።

ቅርንጫፍ ሁልጊዜ እየተለያየ ብቻ አይሄድም። በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖረው ወርቃማ ቀበሮ ከእስያው ጋር አንድ ዝርያ ነው ሲባል ኖሮ በ2015 የዘረመል ጥናት ለብቻው አወጣው፤ ለተኩላ የበለጠ ይቀርባል ተባለ። በ2018 ደግሞ ሌላ ጥናት መጣና የዚህ እንስሳ ዘር ከተኩላና ከኢትዮጵያው ቀይ ቀበሮ መዳቀል የመጣ ይመስላል አለ። ዛፍ እያልን የምንስለው ነገር አንዳንዴ እንደ ወንዝ ተለያይቶ መልሶ ይገናኛል።

አዲስ ዝርያ ሲወለድ ዓይን በዓይን ያየ ሰው አለ ወይ ለሚለኝ ሰው የምጠቁመው ዳፍኔ ሜጀርን ነው። ከጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ሰው የማይኖርባት የእሳተ ገሞራ ጉብታ፣ ስፋቷ ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር በታች። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ከ1973 ጀምረው ለ40 ዓመት ያህል በየዓመቱ እየሄዱ የፊንች ወፎችን ያዙ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት አሠሩ፣ ምንቃራቸውን ለኩ። በ1977 ዝናብ ጠፋ። ለስላሳዎቹ ትናንሽ ዘሮች ተለቅመው አለቁና የቀረው ጠንካራው ብቻ ሆነ፤ ከእሱም ዋናው የኩርንችት ዘመድ የሆነ ተክል እሾሃም ፍሬ ነበር። ያንን ፍሬ ፈልቅቆ ዘሩን ማውጣት ወፍራም ምንቃር ይጠይቃል። አብዛኞቹ ወፎች አለቁ። የተረፉት ሲለኩ የምንቃራቸው ውፍረት በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ ልጆቻቸውም ወረሱት። ግማሽ ሚሊ ሜትር! በዓይን አይታይም፤ ግን ሞትና ሕይወት የተለዩት እዚያ ላይ ነው። በ1983 ዝናቡ ሲትረፈረፍ ደግሞ ትናንሽ ዘሮች በዙና ነገሩ ተገለበጠ፤ ትንሽ ምንቃር ያላቸው አየሉ። ዝግመተ ለውጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወጣ ደረጃ የሚመስለው ሰው ይህችን ደሴት ቢያይ ጥሩ ነው።

ከዚያም በ1981 አንድ እንግዳ ወንድ ወፍ መጣ። ከነባሮቹ ይገዝፋል፣ ዜማውም ሌላ ነው። ከየት እንደመጣ የታወቀው ዘግይቶ በዲኤንኤ ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከምትርቀው ኤስፓኞላ ደሴት። ባሕሩን አቋርጦ መመለስ ስላልቻለ ከዳፍኔ ሴት ጋር ተጋባ። ወንዶች ልጆቹ የተማሩት የአባታቸውን ዜማ ነው፤ የደሴቷ ሴቶች ያንን ዜማ አያውቁትም፣ አይመጡለትም። ስለዚህ ትውልዱ እርስ በርሱ ይጋባ ጀመር። አንድ ጊዜ ከባድ ድርቅ መጥቶ ከመላው ወገን የተረፉት አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ተዋልደው ዘሩን አስቀጠሉ። ዘመድ ከዘመድ መዋለዱ ያጠፋቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር ሳነብ፤ አልጠፉም። ምንቃራቸው ከነባሮቹ ሁሉ የተለየ ስለሆነ የራሳቸውን ምግብ አገኙ። ግራንቶች «ትልቁ ወፍ» እያሉ ሲጠሯቸው ኖረው በ2017 የዘረመሉን ማስረጃ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር አወጡ።

ይህ ወገን አዲስ ዝርያ ነው? የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ኤርነስት ማየር በ1942 ለ«ዝርያ» የሰጠው ትርጉም እርስ በርስ የሚዋለድ፣ ከሌላው ጋር የማይዋለድ ሕዝብ ነው ይላል። ትልቁ ወፍ ለጊዜው ይህንን ያሟላል። ኦሊንጊቶዋም ታሟላለች። የጣና ዓሦች እያሟሉ ነው፣ ቀበሮው አንዴ አፍርሶታል። ሁሉንም አንድ መስመር ላይ አስቀምጬ ሳያቸው አንድ ጉዞ የተለያየ ቦታ ላይ ሲታይ ነው የምለው። ስለዚህ አንዱን ብዙ ዝርያ የሚያደርጉት ከፋፋዮችና እንደ ባኒስተር ብዙውን አንድ የሚያደርጉት ጠቅላዮች ሲጣሉ ሁለቱም ወገን ሰነፍ አይመስለኝም፤ የሚለኩት ነገር እየተንቀሳቀሰባቸው ነው።

ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ከከፋፋዮቹ ጋር ነኝ። ምክንያቴ የአፍሪካ ዝሆን ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ተብሎ ሲቆጠር የሳቫናው ብዛት የጫካውን ሸፈነው። በ2021 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለየብቻ ሲመዝናቸው የጫካው ዝሆን በ31 ዓመት ውስጥ ከ86 በመቶ በላይ መቀነሱ ወጣና «በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረበ» ከሚባለው መደብ ገባ። የሳቫናው መውደቅ በ50 ዓመት 60 በመቶ ነበር። የጣናዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ መረቡ የሚያጠቃው ክረምት ላይ ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰቡትን ነው። በመዝገቡ ላይ «ነጭ ዓሣ፣ ይህን ያህል ኪሎ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ከ15ቱ የትኛው እንደቀነሰ ኪሎው አይናገርም።