ቡቺ ወንድሜን የፈራችው ለምንድነው

ባለፈው ወር ወንድሜ ከሐረር የተመለሰ ቀን ውሻችን ቡቺ ያደረገችው ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቡቺ አምስት አመቷ ነው፣ ከቡችላነቷ ጀምሮ ኮተቤ ግቢያችን ውስጥ ያደገች የሀበሻ ውሻ ናት፣ ወንድሜን ደግሞ ከሁላችንም አብልጣ ነው የምትወደው፣ ገና መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አውቃው በሩን መቧጨር ትጀምራለች። የዛን ቀንም በሩን ስከፍትለት እንደለመደችው ተንደርድራ መጣች፣ ልትደርስበት ሁለት ሜትር ሲቀራት ግን ቀጥ ብላ ቆመች። አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዛ ፀጉሯ ከማጅራቷ እስከ ጅራቷ ቆመ፣ ጅራቷን እግሯ መሀል ወሸቀች፣ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብላ ወደኋላ እየተሳበች ሽንቷ አመለጣት፣ ሄዳ ሮቶው ስር ገብታ ቀረች።

ወንድሜ ክው አለ። "ቡቺዬ፣ እኔ እኮ ነኝ" እያለ ተከተላት፣ እማዬ ደግሞ "እንስሳ የማያየው የለም፣ ምን ይዘህብን መጣህ ልጄ" ብላ ፀበል ልታመጣ ገባች። በዚህ መሀል ወንድሜ በአንገት ማሰሪያዋ ጎትቶ ሊያወጣት ሲሞክር ልትነክሰው ስትል ለትንሽ ነው እጁን የሳተችው። ይሄን ሳስታውስ አሁንም ይከፋኛል፣ ምክንያቱም ሁላችንም የተቆጣነው እሷን ነው።

ጎረቤታችን "አብዳ እንዳይሆን እሰሯት" አለን። እዚህ ሀገር ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፣ ስለዚህ ክትባቷን በሰዓቱ የወሰደች ብትሆንም በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ጋ ወሰድናት። ጠባዩ በድንገት የተቀየረ ውሻ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይሄን አድርጉ፣ የሚያመው ነገር ስላለም ሊሆን ይችላል። ጆሮዋን አየ፣ ጥርሷን አየ፣ ትኩሳቷን ለካ፣ ምንም የለባትም። ከዛ "ልጁ የት ነበር የሰነበተው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ።

ወንድሜ ቤት እንደገባ በስልኩ ያሳየን ቪዲዮ ነበረ። ማታ ሐረር ፈላና በር ጋ፣ ጅብ የሚያበላው ሰውዬ ስጋውን በእንጨት ይዞ ከወንድሜ ጭንቅላት በላይ ያደርገዋል፣ ጅቡ የፊት እግሮቹን ወንድሜ ጀርባ ላይ ጭኖ ይወጣና ይጎርሳል። የለበሰው ቤት የመጣበትን ያንኑ ጃኬት ነው። ለካ ቡቺ ያየችው የምትወደውን ሰው ነው፣ የሸተታት ግን ጅብ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡባት ምን ታድርግ።

እኛ ጃኬቱን አፍንጫችን ላይ አድርገን ምንም አልሸተተንም። የውሻ አፍንጫ ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ሽታ የሚቀበሉ ህዋሳት አሉት፣ የኛ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። ደግሞ ሽታ ከማየትና ከመስማት በተለየ አቋራጭ መንገድ አለው፣ አንጎል ውስጥ ፍርሃት ወደሚነሳበት ቦታ ቶሎ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ "አይዞሽ" ብለን ሳንጨርስ ሰውነቷ ወስኖ ጨርሷል። የሽታው ጥንካሬም አይደለም ነገሩ፣ ቡቺ እኮ ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ እዛው ረከቦቱ አጠገብ እንቅልፏን የምትለጥጥ ውሻ ናት። ጅብን ግን ከሩቅ ነው የምታውቀው፣ ሌሊት ከጋራው በኩል ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይንጫጫል፣ ያ ነገር ግቢዋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

አንድ በጣም የገረመኝ ነገር አንብቤያለሁ፣ በፈረንጆቹ 2011 የጣሊያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ውሾች አዲስ ሽታ ሲቀርብላቸው በቀኝ የአፍንጫቸው ቀዳዳ ነው ማሽተት የሚጀምሩት፣ እንደ ምግብ ያለ የማያስፈራ ሽታ ከሆነ እየለመዱት ሲሄዱ ወደ ግራው ይዞራሉ፣ የእንስሳት ሐኪም ላብ ሲሆን ግን ከቀኙ አይላቀቁም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቡቺን ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ፣ እውነት ለመናገር በአይን ለመለየት ከባድ ነው፣ ግን እያንዳንዷን ነገር እንዴት ደጋግማ እንደምትመረምር ያየሁት ያኔ ነው።

ጃኬቱን ሁለት ጊዜ በኦሞ አጥበን ግቢው ጥግ ገመድ ላይ ሰጣነው፣ ከሩቅ ትንሽ ትንሽ ስጋ እየጣልንላት፣ ማንም ሳይጠራት ሳይጎትታት፣ መሄድ ከፈለገች እንድትሄድ እየተውናት። በአራተኛው ቀን እጅጌውን አሸተተችው። ወንድሜን ግን አሁንም ትሸሸዋለች፣ ጃኬቱን ሳይለብስ ራሱ! ግራ ገባን። እማዬ ናት ያወቀችው፣ "ጫማውስ?" አለች፣ ለካ ያንኑ ጫማ ነው በየቀኑ የሚያደርገው፣ ያንን ሁሉ መሬት የረገጠበትን።

ያን ቀን ማታ እግሩን ታጥቦ በነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ አልጠራትም። ቡቺ ከሮቶው ስር ወጥታ አንገቷን አስረዝማ ጣቶቹን አሸተተች፣ ሄደች፣ ተመልሳ ጉልበቱን አሸተተች፣ እንደገና ሄደች። ሶስተኛው ላይ አገጯን ጭኑ ላይ አሳረፈች። ወንድሜ ምንም አላለም፣ ጆሮዋን ብቻ እያሻሸ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠ። ጫማው በፌስታል ታስሮ ጣሪያ ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሶሉን በብሩሽ አጥበን እሱንም ጥጉ ጋ እናስቀምጥላታለን።